መኪና የማያድርበት ጋራዥ

ባለፈው ክረምት ሜሪላንድ የምትኖረው አክስቴ ደውላ «ጋራዡን ላስጨርሰው ነው» አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ «እንኳን ደስ ያለሽ! ስንት መካኒክ ቀጠርሽ?» አልኳት። ስልኩ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው። «አንቺ ልጅ፣ የምን መካኒክ? የቤቴን ጋራዥ ነው የምልሽ!»

ጥፋቱ የእኔ ብቻ ሳይሆን የቃሉም ነው። እኛ ጋ ጋራዥ ማለት ግራሶ የጠጣ ቱታ፣ ሆዱን የተከፈተ ሞተርና «ነገ ነይ» የሚል መካኒክ ያለበት ቦታ ነው። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መነሻው ማስጠለል፣ ማቆም የሚል ትርጉም ያለው ግሥ ነው። አሜሪካኖቹ ከፈረንሳዮች ሲዋሱት ማስጠለሉን ይዘው ከቤታቸው ጋር አጣበቁት። እኛ ደግሞ መጠገኑን ይዘን ቀረን።

የሆነው ሆኖ፣ የአክስቴ ጋራዥ ሁለት መኪና የሚያስገባ ክፍል ነው። መኪና ግን ገብቶበት አያውቅም። ወደ አገር ቤት ይላካሉ የተባሉ ሻንጣዎች፣ የሞተ ፍሪጅ፣ ልጆቿ በልጅነታቸው የነዱት ሳይክል፣ ሰፌድ፣ ወንፊት፣ ሁለት ምጣድ (አንዱ የተቃጠለ) ሞልተውታል። መኪናዋ ደጅ ቆማ በረዶ ይወርድባታል። ክፍሉ ራሱም ያላለቀ ነው። ከመኖሪያ ቤቱ ጋር የሚያዋስነው ግድግዳ ብቻ ጂፕሰም ቦርድ ለብሷል፤ የቀሩት እንደ ከሲታ ሰው ጎድን የእንጨት ቋሚያቸው ፈጥጧል። ባለሙያ ጠርታ ዋጋ ስትጠይቅ የተነገራት ገንዘብ «ራሴን አዞረኝ» አለች። ስለዚህ የዕቁብ ዕጣዋ ሲወጣላት ራሷ ልትሠራው ወሰነች። «ጋዜጠኝነት ተምረሽ የለ? ሰው ይሄን ነገር በትንሽ ገንዘብ እንዴት ሲሠራው እንደኖረ እስቲ ፈልጊልኝ። እኔ የምሰማው ጋራዥ ውስጥ ገብተው ሚሊየነር ሆነው ወጡ ሲባል ብቻ ነው።»

ፍለጋ ስጀምር ስለ ቀለምና ስለ መደርደሪያ የማነብ መስሎኝ ነበር። ያገኘሁት ግን ሌላ ሆነ፤ ገንዘብ የሌላቸው ሰዎች በዚህች ያላለቀች ክፍል ውስጥ የሠሩትንና፣ ታሪኩ ሲወራ ሁልጊዜ የሚዘለለውን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ላይ መኪና ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አያድርም ነበር። ቤንዚን ይፈራላ! መኪና የገዛ አሜሪካዊ ከግቢው ጀርባ፣ ፈረሱ ያድርበት በነበረው ጋጣ ውስጥ ወይም ጋጣ በሚመስል ለብቻው በቆመ ቤት ውስጥ ያስቀምጠው ነበር። ይህን ቀድመው ከጣሱት አንዱ ፍራንክ ሎይድ ራይት ነው። በ1910 ቺካጎ ውስጥ የተጠናቀቀው የሮቢ ቤት ከመኖሪያው ጋር የተያያዘ፣ ሦስት መኪና የሚይዝ ጋራዥ ነበረው። ግን ያ የሀብታም ቤት ነው፤ ለዛሬው ጉዳያችን ብዙም አይጠቅመንም። ለተራው ሰው ጋራዥን ያቀረበው ይልቅ በሩ ነው ማለት ይቻላል። በ1921 ሲ ጂ ጆንሰን የተባለ ሰው ወደ ላይ ተጠቅልሎ ኮርኒሱ ሥር የሚተኛውን በር ፈለሰፈ፤ በ1926 ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚከፍተውን መሣሪያ አስከተለ። ወደ ውጭ የሚከፈተው ከባድ የጋጣ በር ቀርቶ በረዶ የማያግደው በር መጣ።

አስቂኙ ነገር፣ ያው ራይት ኋላ ላይ ሐሳቡን ቀየረ። መኪና ፈረስ አይደለም፣ ጋጣ አያስፈልገውም አለና በ1937 በማዲሰን ከተማ፣ ዊስኮንሲን፣ ለአንድ የጋዜጠኛ ቤተሰብ በሠራው ቤት ጋራዡን ሰርዞ ጣሪያ ብቻ ያለው ማቆሚያ አደረገለት። ስሙንም «ካርፖርት» አሉት። ቤቱ በጠቅላላ የፈጀው 5,500 ዶላር ነው። ግድግዳ የሌለው ቦታ ደግሞ ዕቃ አያከማችም። (አክስቴ ይህን ስነግራት «እኔን አያውቀኝማ!» አለች።)

ያቺ ብቻዋን የለበሰች ግድግዳስ? የእሷም ታሪክ የእሳት ታሪክ ነው። በ1894 ኦገስቲን ሳኬት የተባለ አሜሪካዊ ጂፕሰምን በወረቀት መሀል እየደረደረ ሰሌዳ የሚያደርግበትን ዘዴ አስመዘገበ። ጂፕሰም በውስጡ ውሃ አምቆ የያዘ ማዕድን ነው። እሳት ሲያገኘው መጀመሪያ ያንን ውሃ በእንፋሎት መልክ ስለሚለቅ እሳቱ ወደ እንጨቱ የሚደርስበትን ጊዜ ያዘገየዋል። ለዚህ ነው አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች መነሻ የሚያደርጉት የመኖሪያ ቤት ሕግ ጋራዥን ከመኖሪያው የሚለየው ግድግዳ ቢያንስ ግማሽ ኢንች ጂፕሰም ቦርድ ይልበስ የሚለው። የቀሩትን ግድግዳዎች ሕጉ አያስገድድም። የማያስገድደውን ደግሞ ቤት ሠርቶ የሚሸጥ ነጋዴ አይሠራውም። እንግዲህ የአክስቴ ጋራዥ ያላለቀው ማንም ረስቶት አይደለም፤ ሕግ እስከሚለው ድረስ አልቋል። ከዚያ በላይ ያለው ለባለቤቱ አቅምና ጉልበት የተተወ ነው።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የጣመኝ። ምክንያቱም ያላለቀ ክፍል ርካሽ ነው፣ ርካሽ ክፍል ደግሞ ድሃ ይጠራል።

በ1920ዎቹ ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ ሳውዝ ጌት የምትባል የሠራተኞች ሰፈር ትቆረቆር ነበር። ወደዚያ የመጡት ቤተሰቦች ቦታውን በትንሽ በትንሽ ክፍያ ይገዛሉ፤ ዋናውን ቤት ለመሥራት ግን ገንዘብ የላቸውም። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? በቦታው ጀርባ ጋራዡን ብቻ ያቆማሉ። እዚያው ውስጥ ምድጃ፣ አልጋ፣ መጋረጃ አስገብተው ይኖራሉ። ገንዘብ ሲገኝ እንጨት ይገዛል፣ እሑድ እሑድ ሚስማር ይመታል፣ ከዓመታት በኋላ ዋናው ቤት ፊት ለፊት ይቆማል። ያን ጊዜ ጋራዡ ጋራዥ ይሆናል።

ይህን ሳነብ ሎስ አንጀለስ መሆኑን ረስቼው ነበር። ሰርቪሱን አስቀድሞ ሠርቶ፣ ቤተሰብ ሙሉ እዚያ ታጭቆ፣ ዋናው ቤት የሚቆምበትን ባዶ መሬት በመስኮት እያዩ ማደግ ለስንቶቻችን እንግዳ ነው? አንድ ልዩነት ግን አለ። ሳውዝ ጌት በዚያን ዘመን ጥቁር ሰው ቦታ እንዳይገዛባት የተከለከለች የነጮች ሰፈር ነበረች። ከድህነት በጋራዥ በኩል መውጣት ይቻል ነበር፤ ጋራዡን የምታቆምበትን መሬት መግዛት ከተፈቀደልህ። ይህቺን «ከተፈቀደልህ» ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ዝነኛው ጋራዥ። ወጣቶችን ለማነቃቃት በሚዘጋጅ ስልጠና ተቀምጣችሁ የምታውቁ ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም፤ ባለ ሁለት ተከፋች በር ትንሽ የእንጨት ቤት ናት። እኔ በተገኘሁበት ስልጠና አሠልጣኙ ፎቶውን ግድግዳው ላይ አብርቶ «እነሱ ከዚች ጋራዥ ተነሱ! እናንተስ ምን አጣችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ጋራዡን!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አሠልጣኙም ሳቀና ወደ ቀጣዩ ስላይድ አለፈ። እኔ ግን የዚያን ልጅ መልስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ጋራዡ ያለው ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ፣ አዲሰን ጎዳና ቁጥር 367 ነው። በ1938 ዴቪድ ፓካርድና ባለቤቱ ሉሲል የቤቱን ምድር ቤት በወር 45 ዶላር ተከራዩ። ጓደኛው ቢል ሂውሌት ከግቢው ጀርባ ያለች ጎጆ መሰል ክፍል ውስጥ ያድራል። ጋራዡ ስፋቱ 12 በ18 ጫማ ነው፤ ወደ እኛ ስናመጣው 20 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ማለትም አንድ የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ። ካፒታላቸው 538 ዶላር ነበር፤ እሱም ውስጥ ያገለገለ የቁም መብሻ ማሽን ተቆጥሮ ነው። በ1939 የመጀመሪያ ቀን በሽርክና ተፈራረሙና ስማቸውን በሳንቲም ዕጣ አስቀድመው «ሂውሌት-ፓካርድ» አሉት። የመጀመሪያ ዕቃቸው የድምፅ መሣሪያዎችን ለመፈተሽ የሚያገለግል ኦሲሌተር ነበር። ጀማሪ እንዳይመስሉ ሞዴሉን «200ኤ» ብለው ሰየሙት። (አንድ ብለው ቢጀምሩ ማን ያምናቸዋል?) የተሻሻለውን ሞዴል ዋልት ዲዝኒ ለ«ፋንታዥያ» ፊልም ስምንት ገዛቸው።

እስከዚህ ድረስ በየስልጠናው ይነገራል። የማይነገረው የሉሲል ነገር ነው። ሉሲል ፓካርድ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ቢሮ ትሠራ ነበር፤ ሁለቱ ወንዶች ከብሎን ጋር ሲታገሉ ቋሚ ደመወዝ ወደዚያ ቤት የምታስገባው እሷ ነበረች። የመሣሪያዎቹን የፊት ሽፋን ቀለም ከነፉ በኋላ የሚያደርቁትም በማን ምድጃ ቢሆን ጥሩ ነው? በሉሲል የወጥ ቤት ኦቨን። ፓካርድ ራሱ ኋላ ላይ በጻፈው መጽሐፍ ሥጋው ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው እንዳልጣመ ያነሳዋል። እንግዲህ «በጋራዥ ተጀመረ» ሲባል ከጋራዡ ጀርባ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ደመወዝ አለ። በ1940 ሥራው ሲሰፋ ለቀው ወጡ። በ1987 ጋራዡ የካሊፎርኒያ ታሪካዊ ቅርስ ተባለ፤ በ2000 ኩባንያው ቤቱን በ1.7 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ያንን በወር 45 ዶላር የነበረውን ቤት ማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ የእኔን ልብ የወሰደው ግን ዲትሮይት ያለው ነው። በሪ ጎርዲ በ1950ዎቹ አጋማሽ በሊንከን-መርኩሪ የመኪና ፋብሪካ በሳምንት በ86.40 ዶላር ይሠራ የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ሙዚቃ ማሳተም ፈለገ፣ ገንዘብ የለውም። ቤተሰቡ ግን አንድ ነገር ነበራቸው፤ እያንዳንዱ በየወሩ 10 ዶላር የሚያዋጣበት የቤተሰብ የቁጠባ ማኅበር። ወጪ ለማድረግ ሁሉም መስማማት ነበረባቸው። ዕቁብ እንዳንለው ዕጣ የለውም፣ ዕድር እንዳንለው ለሞት አይደለም፤ ግን ዘመዳችን ነው። ጎርዲ 1,000 ዶላር ጠየቀ። ቤተሰቡ መረመረው፣ ተከራከረ፣ እህቱ አስተር በቀላሉ አልለቀቀችውም። በመጨረሻ 800 ዶላር፣ ያውም በብድር፣ ተሰጠው።

በ1959 በዌስት ግራንድ ጎዳና ቁጥር 2648 ያለውን ቤት ያዙ። ፎቅ ላይ ይኖራሉ፣ ፊት ለፊቱ ቢሮ ነው። ከኋላ ያለውን ጋራዥ ከእነሱ በፊት የነበረው ሰው ፎቶ ቤት አድርጎት ነበር፤ እነሱ ስቱዲዮ አደረጉት። ባለሙያ አልቀጠሩም፤ ሥራው የቤተሰብ ሥራ ነበር። ድምፅ የሚያስተጋባ ክፍል ሲያስፈልጋቸው መጀመሪያ መታጠቢያ ቤቱን ተጠቀሙ። ማለትም ሰው ሽንት ቤት እንዳይገባ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ያስፈልግ ነበር። ሙዚቀኞቹ ክፍሏን «የእባብ ጉድጓድ» ይሏት ነበር። በቀን እስከ 22 ሰዓት ክፍት ነበረች። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ምት እየተከተሉ በእግር ሲመቱት የተበላው ወለል ዛሬም ይታያል። ስቲቪ ወንደር፣ ማርቪን ጌይ፣ ዳያና ሮስና ሱፕሪምስ ከዚያች ክፍል ነው የወጡት። ኩባንያው ሞታውን ይባላል፤ በ1972 ወደ ሎስ አንጀለስ ሲሄድ ቤቱ ቀረ። በ1985 ቤቱን ሙዚየም ያደረገችው ያቺው ገንዘቡን ለመስጠት የተከራከረችው እህት ናት።

እስቲ አስቡት፤ መኪና ሲገጥም የኖረ ሰው የመኪና ማደሪያ የነበረ ክፍል ውስጥ መኪና ፋብሪካ እንደሚሠራው ዘፈን ሲያመርት። እና ያን ሁሉ ከማድረጉ በፊት ሦስት ነገር አስፈልጎታል፦ 800 ዶላር፣ ተማምኖ የሚያበድር ዘመድ፣ ጥቁር ሰው ሊይዘው የሚችል ቤት። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ጋራዡ ጋራዥ ሆኖ ይቀር ነበር። ሳውዝ ጌት ቢሆን ኖሮስ?

ስለ ኋለኞቹ በአጭሩ ልለፍ፣ የምታውቁት ነው። አፕል በ1976 ሎስ አልቶስ ከስቲቭ ጆብስ ወላጆች ጋራዥ ተወለደ ይባላል፤ ስቲቭ ወዝኒያክ ራሱ ግን በ2014 ጋራዡ የተጋነነ ተረት እንደሆነ፣ እዚያ ውስጥ ዲዛይንም ምርትም እንዳልተሠራ ተናግሯል። ገንዘብ ስላልነበራቸው ከቤት መሥራታቸው ግን እውነት ነው። ጄፍ ቤዞስ በ1994 አማዞንን ቤልቪው በተከራየው ቤት ጋራዥ ሲጀምር ጠረጴዛ የሠራው ከበር ሰሌዳ ነው። ይህቺ ታወራለች፤ በ1995 ወላጆቹ ወደ 245,000 ዶላር መስጠታቸው ግን ብዙም አይወራም። የጉግል ልጆች በ1998 ሜንሎ ፓርክ ጋራዥ ሲከራዩ ኪራዩ በወር 1,700 ዶላር ነበር፤ የ100,000 ዶላር ቼክም አስቀድመው ተቀብለዋል። እኔ ይህን የምለው ሰዎቹን ለማሳነስ አይደለም። «ከምንም ተነሱ» የሚለው ተረክ ግን ለእኛ ሲተረጎም «አንተ ያልተነሳኸው ሰነፍ ስለሆንክ ነው» ይሆንብናል። እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ወደ አክስቴ ግድግዳ ልመለስ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ቤት በገፍ ተሠራ፣ መኪና በገፍ ተሸጠ። ጂፕሰም ቦርዱም ግድግዳ በእርጥብ ልስን የሚለስን ባለሙያ ሳይጠበቅ በፍጥነት የሚሰቀል ስለሆነ በዚሁ ዘመን ልስኑን አሸነፈው። በ1946 ብላክ ኤንድ ዴከር ተራ ሰው በቤቱ የሚጠቀምበትን የእጅ ድሪል አወጣ። በ1954 ታይም መጽሔት «ራስህ ሥራው» የሚለውን ፈሊጥ የሽፋን ርዕስ አደረገው። በ1979 አትላንታ ውስጥ ሆም ዲፖ የመጀመሪያ መደብሮቹን ሲከፍት፣ ባለሙያ ብቻ ይገዛው የነበረውን እንጨትና ጂፕሰም ማንም እሑድ ጠዋት ጋሪ እየገፋ የሚወስደው ሆነ። ጋራዡም ራስህ የምትሠራበትም፣ ራስህ የምትሠራውም ክፍል ሆነ። ከዚያ ዕቃው መጣ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ሎስ አንጀለስ) ተመራማሪዎች የ32 መካከለኛ ገቢ ቤተሰቦችን ቤት ዘልቀው አጥንተው በ2012 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከአራት ጋራዥ በሦስቱ ውስጥ መኪና የሚገባበት ቦታ እንደጠፋ አሳይተዋል። አክስቴ ይህን ስትሰማ እፎይ አለች። ብቻዋን መስሏት ነበርና።

ሰው ደግሞ ወደ ጋራዥ ተመልሷል። በ2016 ካሊፎርኒያ የቤት እጥረቱ ሲያይልባት ጋራዥን ወደ መኖሪያ መቀየርን የሚያቀል ሕግ አወጣች። የሳውዝ ጌት ሰዎች ከዘጠና ዓመት በፊት ያደረጉት ነገር ፈቃድ አገኘ።

ለአክስቴ ያገኘሁላት ጥቅም ያለው ምክር ግን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከጋራዥ ሳይሆን ከወጥ ቤት የመጣ። ዝነኛዋ የምግብ ጸሐፊ ጁሊያ ቻይልድ በ1961 ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ቤት ሲገቡ ባለቤቷ ፖል በወርክሾፕ እንደሚደረገው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ገጠመላት። መንጠቆ ሰክቶ ድስቶቹን ሰቀለ። ከዚያም የእያንዳንዱን ድስት ዙሪያ በመስመር ሣለ፤ የተነሳው ዕቃ ቦታው ባዶውን ይታያል፣ ተመልሶ የት እንደሚሰቀልም ማንም ያውቃል። ወጥ ቤቱ በ2001 ለስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተሰጥቷል። ዋሽንግተን ስለሆነ ለአክስቴ ቅርብ ነው፤ ሄዳ አየችው።

የዕቁቡ ዕጣ በጥቅምት ወጣላት። ጂፕሰም ቦርዱን ከባለቤቷና ከአንድ የዕድር ጓደኛዋ ጋር በሦስት ቅዳሜ ሰቀሉት። መገጣጠሚያውን በወረቀት ቴፕና በስቱኮ ስትደፍን መጀመሪያ ላይ «የተቦካ ጭቃ አስመሰልኩት» ብላ ነበር፤ በሦስተኛው ቅዳሜ ግን እጇ ገባ። የሞተው ፍሪጅ ወጣ። የተቃጠለው ምጣድ አልወጣም፣ «ይሠራ ይሆናል» አለች።

ባለፈው ሳምንት ፎቶ ላከችልኝ። ነጭ ግድግዳ ላይ ቡናማ ሰሌዳ፣ በሰሌዳው ላይ ድሪሉ፣ መዶሻው፣ ወንፊቱ፣ ሰፌዱ። ዙሪያቸው በእርሳስ ተሥሏል። አንድ ትልቅ ክብ ግን ባዶውን አለ። «ይሄ የምን ነው?» ብዬ ጻፍኩላት። «የመሶቡ ክዳን። አንቺ ጋ ነው ያለው፣ ስትመጪ ይዘሽልኝ ነይ» አለችኝ።